ጋላቢውና ፈረሱ

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ እኅቴ ከገንደ ውሃ ደወለችልኝ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ «ጋሼ፣ ልጄን ዛር ሰፍሮበታል» አለችኝ።

ልጇ የሚኖረው ባሕር ማዶ ነው። ወሬውን ያደረሳት አብሮት ቤት የተከራየ የአገር ልጅ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋል፤ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ከማይታዩ ሰዎች ጋር የራሱ ባልሆነ ድምፅ ይነጋገራል። እኅቴን ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ሌላው ነገር ነው። «በስሙ ሲጠሩት አይሰማም አሉ። በሌላ ስም ሲጠሩት ‹አቤት› ይላል።»

እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ አብሮኝ አልቆየም። ያ ዓረፍተ ነገር በቤታችን ውስጥ ከዚህ በፊት ተነግሮ ያውቃልና።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ጥቂት ልበል። እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾና ሪቻርድ ባርትል የተባሉ ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓለም ሠሩ። ሥዕል አልነበረውም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነው። ብዙ ሰዎች በየተቀመጡበት ኮምፒውተር ሆነው በአንድ ጊዜ ይገቡበታል፤ በዋሻው ይዘዋወራሉ፤ ይነጋገራሉ፤ ይዋጋሉ። ከዚያ ዘር የበቀሉት የኋለኞቹ ጨዋታዎች ሥዕልና ድምፅ ጨመሩ። ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት የተባለው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሲወጣ ሚሊዮኖችን ሰብስቧል። በእነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ ደግሞ ገጸ ባሕርይን ተላብሰው መኖር ለሚሹ ሰዎች ብቻ የተለዩ ሰርቨሮች አሉ። እዚያ የሚገባ ሰው የሚያወጣው ስም ለዚያ ዓለም የሚስማማ መሆን አለበት። ንግግሩ የገጸ ባሕርይው ንግግር ነው። ስለ ራሱ ኑሮ፣ ስለ ቤት ኪራይ ወይም ስለ ጉንፋኑ መናገር የግድ ከሆነበት ቃሉን በድርብ ቅንፍ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እንግዳ ጫማውን በር ላይ እንደሚያወልቅ ያለ ልማድ ነው።

የሚፈልጉት ነገር ተመስጦ ይባላል። ባርትል ራሱ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ተመስጦን በደረጃ ከፍሎታል። በመጀመሪያ ተጫዋቹ አሻንጉሊት ያንቀሳቅሳል፤ ቀጥሎ አሻንጉሊቱ የራሱ ጠባይ ያለው ሰው ይሆንለታል፤ በመጨረሻ በእሱና በዚያ ሰው መካከል የነበረው ክፍተት ይጠፋል። ስድብ ሲሰነዘር ቀድሞ የሚከፋው ማን እንደሆነ ተጫዋቹ ራሱ መለየት ያቅተዋል።

ለእኅቴ ልጅ ደወልሁለት። የእናቱን ወሬ ስነግረው ከልቡ ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» ብሎ የሚከተለውን አጫወተኝ። ነገሩ በጊዜው ብዙ የተወራለት እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዚሁ ጨዋታ ውስጥ ትጫወት የነበረች አንዲት ሴት በእውን ሞተች። ጓደኞቿ ለቀብሯ መድረስ ስላልቻሉ በጨዋታው ዓለም በበረዷማ ሐይቅ ዳር የኅዘን ሥርዓት አዘጋጁ። ገጸ ባሕርያቸውን አሰልፈው ቆሙ። ሌላ ቡድን ይህን ሰምቶ መጣና ሰልፈኞቹን አንድ በአንድ ጨፈጨፋቸው፤ ድርጊቱንም ቀርጾ አሰራጨው። በገዳዮቹ ዘንድ መከራከሪያው አጭር ነበር፤ «ጨዋታ ነው»። ሕጉ ይፈቅዳል፤ ማንም እውነተኛ ደም አላፈሰሰም።

«እኔ ያኔ አልነበርሁም» አለኝ፤ «ግን ቪዲዮውን ያየሁ ቀን አለቀስሁ። ለምን እንዳለቀስሁ ለማስረዳት ብሞክር ማን ይሰማኛል?»

እኔ ሰማሁት። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ሰማሁት።

ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነበር። እትዬ የምላት አክስቴ ባለዛር ነበረች። ቀኑ ሲደርስ ቤቱ በከርቤና በሰንደል ይታጠናል፤ ከድንበር ማዶ የመጣው የሱዳን ሽቶ ይረጫል፤ ቡናው ይፈላል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ጭብጨባው እየጋለ ሲሄድ አክስቴ ራሷን ታወዛውዛለች፤ ጉሪው ይይዛታል፤ ከዚያ ትፎክራለች። የምትፎክረው ግን እሷ አይደለችም። ዛሯ ወንድ ነው፣ ያውም ባለማዕረግ። ሲመጣ ሁሉም «ጌታዬ» እያለ እጅ ይነሳል፤ ባሏም ጭምር። እሷ በዚያ ሰዓት የዛሩ ፈረስ ናት። ቃሉ የእኔ አይደለም፤ ጎንደሬው ሁሉ ዛር የሰፈረበትን ሰው የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ፈረስ።

ባሏ ከአባቷ የወረሰቻትን ላም ሳይነግራት ሸጦ ነበር። አክስቴ አክስቴ ሆና ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በዚያ ማታ ግን ዛሩ ጠየቀ። «የፈረሴን ላም የሸጠ ማን ነው?» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ባልየው ተንበረከከ፤ አንገቱን ደፋ። እኔ ከጓዳ እንቅልፌን ጨርሼ፣ ጉሮሮዬ በቆላው ሙቀት ደርቆ ብቅ አልሁና «እትዬ፣ ውሃ!» ብዬ ጮኽሁ።

ፊቷን መቼም አልረሳውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ፊት ላይ ሲጋጩ አየሁ። አንደኛዋ ውሃ ልትሰጠኝ ልትነሳ ነው፤ ሌላው መልስ እየጠበቀ ነው። ባልየው አንገቱን ቀና አደረገ፤ ፈገግ አለ። «አየሽ፣ ልጁ እንኳ ያውቅሻል» አላት። ጭብጨባው ቆመ። አንዲት አሮጊት ክንዴን ይዘው አስወጡኝ። ስለ ላሟ ከዚያ በኋላ የተነሳ ነገር የለም።

ለብዙ ዓመታት አንድ ውሸት ያጋለጥሁ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ «ባዕድ አምልኮ» የሚለውን ቃል ስማር ደግሞ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በመተማ በኩል የገባ አንድ ፈረንሳዊ ነው።

ሚሼል ሌሪስ በ1901 (እ.ኤ.አ.) የተወለደ ገጣሚ ነበር። ማርሴል ግሪዮል የመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ከ1931 እስከ 1933 (እ.ኤ.አ.) አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ ሌሪስ የቡድኑ ጸሐፊ ሆኖ ተጓዘ። በ1932 (እ.ኤ.አ.) ከሱዳን ተነሥተው በጋላባትና በመተማ አድርገው ወደ አገራችን ገቡ፤ ጎንደርም ከረሙ። (ቡድኑ በዚያው ክረምት የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው በጋስቶን ልዊ ሩ የተሳሉ ቅጂዎችን ተክቷል። ዋናዎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ይህ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ቁጭት ስለሆነ እዚህ ላይ አልፈዋለሁ።)

ሌሪስ ከተርጓሚውና ከመሪው ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ የመልካም አየሁን ቤት ያዘወትር ጀመር። መልካም አየሁ በጎንደር የታወቁ የባለዛሮች አለቃ ነበሩ። ሌሪስ ካስተዋላቸው ነገሮች እኔን የያዘኝ ይህ ነው፤ ሴትዮዋ አንድ ዛር ብቻ አልነበራቸውም። ምርቃት በሚያስፈልግበት ሰዓት አባ ዮሴፍ ይመጣል። የአገልጋይ ሥራ ሲኖር ሻንቂት የምትባለው ገረድ ትመጣለች። እንግዳው፣ ጉዳዩና ሰዓቱ ሲለወጥ የሚናገረውም ይለወጣል። በቤቱ ያለው ሰው ሁሉ ማን እንደመጣ ያውቃል፤ ለመጣውም በማዕረጉ ልክ ይመልሳል።

ታዲያ ይህ ማታለል ነው ወይስ ራስን መሳት? ሌሪስ ጥያቄውን ከሃያ ዓመት በላይ ይዞት ከኖረ በኋላ በ1958 (እ.ኤ.አ.) በጎንደር ስላለው የዛር ሥርዓትና ስለ ተውኔታዊ ገጽታው አንዲት መጽሐፍ አሳተመ። መልሱን በግርድፉ ስናገረው እንዲህ ይመስላል። ተዋናዩ የሚሠራው ቲያትር አለ፤ ሰው የሚኖረው ቲያትርም አለ። ባለዛሯ ከሁለተኛው ወገን ናት። ሙሉ በሙሉ አታስመስልም፤ ሙሉ በሙሉም አልጠፋችም። ተመልካች ብሎ ነገር ስለሌለ፣ ያለው ሁሉ ተካፋይ ስለሆነ፣ «እውነት ነው ወይስ ውሸት» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከበር ውጭ ነው።

ሌሪስ ራሱ ግን በሩ ላይ ቀረ። መሥዋዕት ሲታረድ ተካፍሏል፤ በጭብጨባው መካከል ተቀምጧል፤ ደብተሩ ግን ከእጁ አልወጣም። በ1934 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የጉዞ ማስታወሻው ውስጥ ይህ ነገር እንደ እሾኽ ሲወጋው ይታያል። ከታዛቢነቱ መውጣት አልቻለም፤ ታዛቢነቱንም ጠላው። የሚያጠናው ሰው ሁሉ ያለውን፣ እሱ ግን የሌለውን ነገር ተመኘ። ምኞቱ በተጫዋቾቹ ቋንቋ ተመስጦ ይባላል።

ከመተማ ዮሐንስ ጋላባት የሚያደርሰውን አጭር ድልድይ ስናልፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ዛር በሱዳንም አለ፤ መናፍስቱም በወገን በወገን የተከፈሉ ናቸው። ከወገኖቹ አንዱ «ሐበሽ» ይባላል፤ ኢትዮጵያውያን ማለት ነው። ካናዳዊቷ ጃኒስ ቦዲ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ጥናት የሰሜን ሱዳን መንደር ሴቶች ሐበሻ ዛር ሲይዛቸው በእኛ ልብስና በእኛ ጠባይ እንደሚመላለሱ ጽፋለች። አስቡት እንግዲህ። እኛ ዛር ያስጨንቀናል እንላለን፤ ከድልድዩ ማዶ ዛሮቹ እኛው ነን።

ተጫዋቾች በጨዋታው ዓለም የሚያንቀሳቅሱትን ምስል «አቫታር» ይሉታል። ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ የጨዋታ ደራሲ በ1985 (እ.ኤ.አ.) አልቲማ በተሰኘው ሥራው አራተኛ ክፍል ከተጠቀመበት ወዲህ ቃሉ በጨዋታ ሰፈር ተለምዷል። ምንጩ የሕንድ ሳንስክሪት ነው፤ አምላክ በሥጋ መውረዱን ያመለክታል። በዛርም መንፈሱ ይወርዳል፤ ጋላቢው መንፈስ፣ ፈረሱ ሰው ነው። በኮምፒውተሩ ጨዋታ የሚወርደው ሰው ነው፤ ጋላቢው ሰው፣ ፈረሱ ምስሉ ነው። ቢያንስ ሲጀመር እንደዚያ ነው። ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ማን ማንን እንደሚጋልብ መለየት ያዳግታል ይላል የእኅቴ ልጅ።

ይህ መቀላቀል ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ጌታውን በፈረሱ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ። በፉከራ ሰዓት የሚነሣው ይህ ስም ነው። ከክርስትና ስም፣ ከአባት ስም ይለያል። በዚያ ስም ውስጥ ሰውዬው እንደ ሌላው ሰው የሚራብና የሚፈራ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የዐፄ ዮሐንስ ጦር ወደ ደርቡሾች ቅጥር ዘልቆ እየገባ ሳለ ንጉሡ ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ወደ ድል ይሄድ የነበረው ሠራዊት ተፈታ። ጦርነትን ከጨዋታ ጋር እያስተካከልሁ አይደለም፤ በዚያ ሜዳ የወደቁት አጥንታቸው የእውነት ነው። የምለው አንድ ስም የሺዎችን ልብ አንድ ላይ አስሮ የሚይዝበት፣ ሲበጠስም ሁሉንም የሚበትንበት ኃይል እንዳለ ነው።

እኅቴ የፈራችው ነገር ግን ሌላ ነው። እሷ የፈራችው አለመመለሱን ነው። ፍርሃቷም መሠረት አለው፤ ምክንያቱም እዚያው ደጃችን፣ ቋራ ላይ፣ ካሣ ኃይሉ ተነሥቷል።

በፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚመጣ ተጽፏል። የቋራው ሽፍታ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ሲቀባ ያንን ስም መረጠ። ስሙ ከእሱ በፊት የነበረ፣ ጠባዩ፣ ተግባሩ፣ ድሉ ቀድሞ የተጻፈለት ስም ነው። ካሣ ሊለብሰው ገባ፤ እንደ እሱም በሙሉ ልቡ የገባ የለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን በአጠገቡ ካሣን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። እቴጌ ተዋበች በ1858 (እ.ኤ.አ.) ሞቱ። ወዳጆቹ ፕላውደንና ቤል በ1860 (እ.ኤ.አ.) ተከታትለው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ንጉሡን ከተጻፈለት ሰው ነጥሎ የሚያየው ማን ነበር? እኔ የታሪክ ሊቅ አይደለሁም፤ ግን የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሳነብ «ውሃ» ብሎ የሚጠራው ልጅ ያጣ ቤት ይታየኛል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጡን የጠጣው ካሣ ይሁን ቴዎድሮስ ሁልጊዜ ያከራክረኛል።

እዚህ ላይ ስደርስ አክስቴን ያቋረጥሁበት ጩኸት ሁለት መልክ ይዞብኝ ቁጭ አለ። ላሟን አሳጥቷታል። ግን እኮ ከዛሩ መመለሷን ያረጋገጠላትም ያው ዓይነት ድምፅ ነበር፤ በማግሥቱ ጠዋት «እትዬ» ስላት «ወዬ» አለችኝ። ስሕተቴ መጥራቴ ሳይሆን ሰዓቱ ነበር።

በመተማ ቆላ ሌላ ስም ይዞ ያለፈ ሌላም ሰው አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር በነበረበት ዘመን ያዕቆብ ተብሎ በአገሬው ልብስ ሐኪምም ባለሟልም ሆኖ ኖረ። ንጉሡም በዛሬው መተማ አካባቢ ያለውን የራስ አል ፊልን ግዛት በስም ሾመውት ነበር። በ1772 (እ.ኤ.አ.) በዚያው በኩል ወደ ሴናር ወረደ። አገሩ ሲገባ ያየውን ቢናገር ለንደን አላመነችውም፤ መጽሐፉ የወጣው በ1790 (እ.ኤ.አ.) ነው። መጽሐፉን ካነበቡት አንዱ ስለ አንዲት የሐበሻ ልጃገረድ የተቀኘው ገጣሚ ኮልሪጅ ነበር። ይኸው ኮልሪጅ በ1817 (እ.ኤ.አ.) አንባቢ ጥርጣሬውን በፈቃዱ ወደ ጎን እንደሚያደርግ የጻፈው ሐሳብ ዛሬ ስለ ተመስጦ በሚጻፍ ነገር ሁሉ ይጠቀሳል። እኔን የሚስበኝ «በፈቃዱ» የሚለው ነው።

ይህን ለእኅቴ ልጅ ባጫውተው ዝም አለ። ከዚያ እስከዚያ ቀን ድረስ ያልነገረኝን ነገረኝ።

አገሩን የለቀቀው በመተማ በኩል ነው። ያሻገረው ደላላ ሌላ ስም ሰጠው። የማያውቀው ሰው ልጅ ነህ፣ ተወልደህ ያደግኸው እዚህ ቦታ ነው ብሎ አስጠናው። «ጋሼ፣ ለሦስት ቀን በዚያ ስም አቤት አልሁ» አለኝ። «አንድም ጊዜ ግን እሱን አልሆንሁም። በየኬላው የሚጠይቀኝ ሰው ሊያጋልጠኝ ነው የሚጠይቀኝ። እኔም የምመልሰው ላታልለው ነው። ሆዴ እንደታሰረ ነበር። በጨዋታው ግን ሁሉም ያውቃል። እኔ እሱ እንዳልሆንሁ ያውቃሉ፤ አውቀውም ይቀበሉኛል። አንዱ መሐል ላይ የኳስ ውጤት ሲያወራ የምናደደው ለዚህ ነው። ኬላ ላይ የመለሰኝ ያህል ነው የሚሰማኝ።»

ዛር የሰፈረበትን ሰው ቤተ ሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ትፈልጋለህ ብሎ ነው። ቀይ በግ ይሁን ሽቶ፣ ግምጃ ይሁን ቀለበት፣ ዛሩ ይናገራል። እኔም እንደ ወጉ ጠየቅሁት። «በዚያ ዓለም ማን ነህ?»

«ድልድይ ጠባቂ ነኝ» አለኝ።

ሌሎቹ ጀግኖችና ነገሥታት ሲሆኑ እሱ በአንድ የድንጋይ ድልድይ ላይ ፋኖስ ይዞ ይቆማል። መንገደኛ ሲመጣ ስሙንና ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል። መንገደኛው የፈለገውን ታሪክ ይነግረዋል፤ አንዳንዱ ሰዓት የሚፈጅ ታሪክ አለው። እሱ ይሰማል፤ የሰጡትን ስም በመዝገቡ ይጽፋል፤ ያሳልፋል። ሰርቨሩ ላይ ያሉት ተጫዋቾች አውቀውታል፤ አንዳንዶቹ ሌላ አጭር መንገድ እያላቸው በእሱ በኩል ለማለፍ ይዞራሉ።

ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የሱዳኑ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ፣ በእውነተኛው ድልድይ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ወደ እኛ ሸሽቶ አልፏል፤ እኅቴም የተወሰኑትን በዓይኗ አይታለች። ለእሷ ስደውል ስለ ሌሪስም ስለ ኮልሪጅም አላነሣሁም። ልጇ በዚያ ዓለም የድልድይ ዘበኛ መሆኑን ብቻ ነገርኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ሁሉንም ያሳልፋል?» አለችኝ።

«ሁሉንም» አልኋት።

«እንግዲያስ ቅዳሜ ቡና አፈላለታለሁ» አለች።